«ይምጡ» እና «ቬንጋ»፦ የጣልያንኛ ግስ እርባታ በሊማሊሞ መንገድና በመጽሐፍ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ አዛውንት ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው። በ1986 ዓ.ም. ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚሆን ቃል ለመሰብሰብ ወደ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ዓላማዬ በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚነገረው አማርኛ ውስጥ ከወረራው ዘመን የቀሩትን የጣልያንኛ ቃላት መመዝገብ ነበር። በገበያ ቀን ከጊች ገብስ ጭነው የወረዱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። በልጅነታቸው የሊማሊሞ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ያመላልሱ እንደነበር ነገሩኝና የሚያውቁትን ጣልያንኛ ሁሉ ሲያስጽፉኝ ዋሉ። ስጨርስ በተራቸው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። ለመሆኑ የጣልያን ቋንቋ ‹ይምጡ› የሚል ቃል አለው?»

እኔ በዚያን ጊዜ ከጣልያንኛ ቃላቱን እንጂ ሰዋስውን አላውቅም ነበር። ነገር ግን አላውቅም ለማለት አፈርኩና «የለውም፣ አባባ» ብዬ መለስኩ። እሳቸውም «እኔም መስሎኝ ነበር» አሉና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

መልሴ ስሕተት ነበር። ስሕተቱን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ የጣልያንኛን ግስ ከነእርባታው ስማር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው የዚያ ስሕተት እርማት ነው፤ አንድ ቋንቋ በመጽሐፍ ሲማሩትና በትእዛዝ ሲሰሙት ግሱ ምን ያህል እንደሚለያይም ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ስለ እርባታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የቅኔ ቤት ተማሪ በነ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» አርአያነት ግስ ሲያረባ ኀላፊውን፣ ትንቢቱን፣ ዘንዱን፣ ትእዛዙን፣ ንኡስ አንቀጹንና ቦዙን በየተራ ያወጣል። ጣልያኖች «ሞዶ» የሚሉትን እኛ አንቀጽ ብንለው ብዙ አንስትም። ጣልያንኛ በባለቤት የሚረቡ አራት አንቀጾች አሉት፤ በባለቤት የማይረቡ ሌሎች ሦስት፣ ማለትም ንኡስ አንቀጽ፣ ቅጽልና ቦዝ የመሰሉ ደግሞ አሉት። ከአራቱ ነገሩን በቀጥታ የሚያስረዳው «ኢንዲካቲቮ» ብቻውን ስምንት ጊዜያት ይዟል። ከዘንድ አንቀጽ ጋር የሚቀራረበው «ኮንጁንቲቮ» አራት፣ ሁኔታን የሚያመለክተው «ኮንዲትሲዮናሌ» ሁለት ጊዜያት አሏቸው፤ አራተኛው ትእዛዝ ነው።

«መጣ» የሚለውን ግስ ለምሳሌ ብንወስድ፣ «ቬኔ» መጣ፣ «ቬኒቫ» ይመጣ ነበር፣ «ኤ ቬኑቶ» መጥቷል፣ «ኤራ ቬኑቶ» መጥቶ ነበር እንደማለት ነው። አማርኛ አሁንና ወደፊትን «ይመጣል» በሚል አንድ ቃል ሲያጠቃልል፣ ጣልያንኛ «ቪዬኔ» እና «ቬራ» ብሎ ይለያቸዋል። «ሴ ቬኒሴ፣ ፓርሌሬይ» ሲል «ቢመጣ እናገር ነበር» ማለቱ ነው። «ሴ ፎሴ ቬኑቶ፣ አቭሬይ ፓርላቶ» ሲል ደግሞ «መጥቶ ቢሆን ኖሮ በተናገርኩ ነበር» ማለቱ ነው። እኛ «ቢ» እና «ኖሮ» ጨምረን የምንገልጸውን እነሱ በግሱ መጨረሻ ይገልጹታል።

ለሽማግሌው ጥያቄ መልሱ ያለው በኮንጁንቲቮው ውስጥ ነው። ግእዝ «ይምጻእ» የሚለውን አንዱን ቅርጽ ለሁለት ይጠቀምበታል። «ከመ ይምጻእ» ሲል «ይመጣ ዘንድ» ይሆናል፤ ብቻውን ሲቆም «ይምጣ» ተብሎ ለሩቅ ሰው ትእዛዝ ይሆናል። የጣልያንኛው «ቬንጋ» ጠባይም ከዚህ ጋር አንድ ነው። «ኬ ቬንጋ» ሲሉ «ይመጣ ዘንድ»፣ «ቬንጋ» ብቻ ሲሉ «ይምጣ» ይሆናል። ከዚህም አልፎ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አክብረው ሲጠሩ «ና» የሚለውን «ቪዬኒ» ትተው «ቬንጋ» ይላሉ። እኛም አክብሮትን የምንገልጸው በዚሁ መንገድ ነው፤ «ና» የሚለውን ትተን የሩቁን «ይምጡ» ለቅርቡ ሰው እናውላለን። ልዩነቱ እኛ በብዙ ቁጥር፣ እነሱ በነጠላ «ሌይ» መጠቀማችን ብቻ ነው። ስለዚህ ጣልያንኛ «ይምጡ» ይላል፤ አባባሉም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም።

ይህን ዝምድና ለማስተዋል የሚያስችል እውቀት ከወረራው ብዙ ዓመታት በፊት በመጽሐፍ ላይ ነበረ። ኢኛትሲዮ ጉዊዲ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1889፣ የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱን ደግሞ በ1901 አሳትሟል። በመዝገበ ቃላቱ ሥራ የረዱት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እኚሁ መምህር የጀመሩት የግእዝ መዝገበ ቃላት በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጥሎ፣ በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት በቅቷል። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በናፖሊ አማርኛ ሲያስተምሩ የጻፉት የሰዋስው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1905 ሮማ ውስጥ ታትሟል። በ1908 «ልብ ወለድ ታሪክ» ተከተለ። በ1911 ደግሞ «ኢል ቬርቦ አማሪኮ»፣ ማለትም «የአማርኛ ግስ»፣ የተባለው መጽሐፋቸው በጣልያንኛ ወጣ። ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ተማሪዎቻችን አፈወርቅን የሚያውቋቸው በልብ ወለዱ ነው። ነገር ግን ሰውየው ግስን ብቻ ለይተው አንድ ሙሉ መጽሐፍ መጻፋቸው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበትም የሚለያዩበትም ዋና ስፍራ ግስ መሆኑን ማመናቸውን የሚያሳይ ይመስለኛል።

አሁን ከመጽሐፉ ወደ መንገዱ እንመለስ። የጣልያን ጦር ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ጎንደርን ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘው መንገድ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ የወልቀፊትን ገደል እየተጠማዘዘ በሊማሊሞ ቁልቁል እንዲወርድ ተደርጎ ተሠራ። በወልቀፊት የመሸገው የጣልያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ ጎንደርም በኅዳር ወር እጃቸውን ሰጡ። ለጊቹ ሽማግሌ ጣልያንኛን የመስሚያ ዘመናቸው ይህ ነበር።

በደብተሬ ከመዘገብኳቸው የእሳቸው ዓረፍተ ነገሮች መካከል «ኢዮ ቬኑቶ»፣ «ሉዊ አንዳቶ»፣ «ዶማኒ ላቮራሬ»፣ «ኖን ቶካሬ» ይገኛሉ። መጣሁ፣ ሄደ፣ ነገ ሥራ አለ፣ አትንካ ለማለት ነው። ከነዚያ ሁሉ አንቀጾችና ጊዜያት በእጃቸው የቀሩት ሁለት ቅርጾች ብቻ ናቸው። ላለፈው ነገር «ቬኑቶ» የመሰለው ኀላፊ ቅጽል፣ ለቀረው ሁሉ ደግሞ ንኡስ አንቀጹ ያገለግላል። ይህ የእሳቸው ብቻ አነጋገር አይደለም። ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ውስጥ የገለጹት የአገራችን ጣልያንኛም በመሠረቱ ከዚሁ ጋር ይስማማል።

ለዚህ መጥበብ ምክንያቱ ምንድን ነው? የተናጋሪው አላዋቂነት ነው የሚል መልስ አያሳምነኝም። ሽማግሌው በአማርኛ «ባልመጣ ኖሮ» እና «ምነው በመጣ» እያሉ ያለ ችግር ያወጉ ነበር። ምክንያቱን መፈለግ ያለብን በሰሙት ነገር ውስጥ ነው። አንደኛ፣ ጣልያኖቹ ራሳቸው ከአገሬው ሰው ጋር ሲነጋገሩ ግሱን ሳያረቡ በንኡስ አንቀጽ የመናገር ልማድ ነበራቸው፤ ይህ የቋንቋ ሊቃውንት ከባዕድ ሰው ጋር የሚደረግ ንግግር ብለው የሚያጠኑት ነው። ሁለተኛውን ምክንያት በበኩሌ ከእርባታው አገኘዋለሁ። በትክክለኛው ጣልያንኛ «አንተ» ለሚባል ሰው አሉታዊ ትእዛዝ የሚሰጠው በንኡስ አንቀጽ ነው። «ኖን ፓርላሬ» አትናገር፣ «ኖን ቶካሬ» አትንካ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲከለከል የሚውል ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ንኡስ አንቀጽ ይሰማል። ስለዚህ የሽማግሌው ሰዋስው የተበላሸ ጣልያንኛ ሳይሆን የተነገራቸውን በታማኝነት የያዘ መዝገብ ነው ብንል እንቀርባለን።

በዚህ መዝገብ ውስጥ «ቬንጋ» የለም። እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ነገር መጨመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1938 የፋሽስት መንግሥት በገዛ አገሩ «ሌይ» የሚለውን የአክብሮት መጠሪያ አስቀርቶ በምትኩ «ቮይ»፣ ማለትም «እናንተ» የሚለውን እንዲተካ ዘምቶ ነበር። በዚህም ሕግ ቢሆን ለተከበረ ሰው «ቬኒቴ» መባሉ አልቀረም። ድንጋይ አመላላሹ ግን «ቬንጋ»ንም ሆነ «ቬኒቴ»ን ለራሳቸው ሲባል አልሰሙም፤ የሰሙት «ቪዬኒ» ነው።

ሆኖም ከዚህ ተነሥተን እርባታውን ጠንቅቆ ያወቀ ሁሉ ክብሩን ጠበቀ ብለን ብንደመድም እንሳሳታለን። አፈወርቅ ሁለቱንም እርባታዎች ከማንም በላይ ያወቁ ሰው ነበሩ፤ በወረራው ዘመን ግን ከወራሪው ጎን ቆመው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከነጻነት በኋላ በጅማ ግዞት ላይ ሳሉ አረፉ። የጊቹ ሰው በበኩላቸው ሁለት ቅርጾች ብቻ ይዘው፣ በቋንቋው ውስጥ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ለይተው ጠየቁ። ስለ እርባታው ሙሉ ሰንጠረዥ ያለው ሰው ሊያነሣው የሚገባውን ጥያቄ ያነሡት እሳቸው ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. የጊች ነዋሪዎች ከብሔራዊ ፓርኩ ወጥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ2010 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ስመለስ ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸውን ግን በአዲሱ ሰፈር አገኘኋቸው። አባታቸው የጠየቁኝን፣ እኔም በስሕተት የመለስኩትን ነገርኳቸውና «ጣልያንኛ ‹ይምጡ› ይላል፤ ‹ቬንጋ› ነው የሚባለው» አልኳቸው። ልጅየው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ቃሉ ነበራቸው» አሉ። ቀጥለውም «አባቴ ቃሉ የሌላቸው ሰዎች ናቸው ብሎ ሲያዝንላቸው ነው የኖረው» አሉኝ።

ይህን ስሰማ የመልሴ ስሕተት ከሰዋስው ያለፈ እንደነበር ገባኝ። «የለውም» በማለቴ በደሉን ከሰው አንሥቼ በቋንቋው ላይ ጭኜው ነበር። የውሰት ቃላት ጥናታችን እስካሁን ያተኮረው በስሞች ላይ ነው፤ ጎማውን፣ ፓስታውንና ማኪያቶውን በሚገባ ቆጥረናል። የመንገዱን ዘመን ራሳቸው ያዩት ሰዎች ዛሬ ከሞላ ጎደል አልፈዋል፤ ከአባቶቻቸው ሲሰሙ ያደጉት ልጆች ግን በደባርቅም፣ በዳባትም፣ በአዲ አርቃይም አሉ። ወደ እነሱ የሚሄድ ተማሪ ግሱንም ቢጠይቅ፣ ከግሱም የትኛው አንቀጽ እንደተሰማና የትኛው እንደቀረ ለይቶ ቢጽፍ፣ የወረራውን ታሪክ ከሌላ ሰነድ በማይገኝ መንገድ ያገኘዋል። የማያውቀውን ሲጠየቅም አላውቅም ይበል።