የጅቦቹ ገንፎ

ሐረር ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ስለ ጅብ ያወራል። ሥጋ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ሲያሻውም በአፉ ይዞ ጅብ የሚያጎርሰውን ሰው አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመጣል። ይህ ትርኢት ግን ዕድሜው ከሰባ ዓመት ብዙም አይዘልም። እኔ ላወጋችሁ የፈለግሁት ቱሪስት ስለማያየው ነገር ነው።

በሙሐረም ወር በ10ኛው ቀን፣ በአሹራ፣ የሐረር ሰዎች ለጅብ ገንፎ ያገነፋሉ። ቅቤ ያፈሱበትና ከጀጎል ግንብ ውጪ ወዳሉት የአዋች መቃብሮች ይዘውት ይሄዳሉ። ጅቡ ከግማሽ በላይ በልቶ ጥቂት ካስተረፈ ዓመቱ ይሰምራል ይባላል፤ እምቢ ካለ ወይም ጠራርጎ ከጨረሰው ግን ጸሎት ይያዛል።

ለምን ገንፎ? ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከረሃብ ጋር ያያይዙታል፤ በረሃቡ ዘመን ጅቦቹ ሰው መብላት ለመዱ፣ ከተማይቱም ገንፎ ሰጥታ ታረቀቻቸው። ትረካው ዓመት አይቆጥርም። የሚበዙት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ይጠጉታል፤ እኔም ወደ ክፉ ቀን አዘነብላለሁ።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ እጅ ገብታ፣ በኋላ ራስ የተባሉት መኰንን ገዥዋ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰው። አባቶቻችን በሽታውን «ደስታ» ይሉታል፤ ስሙን ማቆላመጣቸው ይሆናል። ከአሥር ከብት ዘጠኙን ፈጀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከታተሉ፤ በመጨረሻም ኮሌራ መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው አኃዝ ያከራክራል፤ የቆጠረ አልነበረምና። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየመንገዱ መውደቁ፣ አውሬም ሰውን መድፈሩ ግን አያከራክርም።

ሐረር መቅሠፍት ያየችው ያኔ ብቻ አይደለም። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ራሳቸው በ1560 ዓ.ም. ገደማ ረሃብን ተከትሎ በገባ ወረርሽኝ ሞተዋል። መቃብራቸው ዛሬም ጀጎል ውስጥ ይዘየራል። ለአሚሩ ጉልላት ተሠራላቸው፤ ስም ለሌላቸው ሙታንስ? በእኔ አስተያየት ገንፎው የእነሱ ተዝካር ነው። ቃሉ የእኔ ነው፤ ሐረሪዎች እንዲህ ብለው አይጠሩትም። አዲስ አበባም በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ያለቁባትን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እያጠነች ታስባለች፤ እሳቱን የሚለኩሰው ልጅ ግን ለማን እንደሚያጤስ አያውቅም። ሐረር ቢያንስ በላተኛውን አልረሳችም።

በደርግ ዘመን ብዙ ሐረሪዎች ተሰደዱ። ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ብቻ ትልቅ ማኅበረሰብ አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ሸዋል ዒድ ዘፈንና ጭፈራ ነውና ባሕር ይሻገራል፤ የትም ቢሆን ይጨፈራል። ገንፎውን ግን እዚያ ማን ይብላው?

አንድ የሐረር ወዳጄ እንዳጫወተኝ፣ ካናዳ የሚኖሩ አክስቱ በየዓመቱ በአሹራ ማግስት ይደውላሉ። ስለ ጤናው እንኳ ሳይጠይቁት፣

«በሉ?» ይሉታል።

«በልተዋል፣ አክስቴ።»

«ተረፈ?»

«ጥቂት ተርፏል።»

ያን ጊዜ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ጫት ዋጋ መጠየቅ ይጀምራሉ።