የሰሊጥ ማጭድ
ብረት እና እንጨት። 2000ዎቹ ዓ.ም.። ገለጉ አካባቢ፣ ቋራ ወረዳ፣ ምዕራብ ጎንደር።

ስለቱን ቀረብ ብለው ይመልከቱት፤ ጥርሶቹ ዶልዱመዋል፣ የእጀታው እንጨትም በእጅ ላብ ጠቁሯል። በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ የሚታጨደው በዚህ መሣሪያ ነው። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ካልታጨደ ፍሬ መያዣው ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኞች ወደ ቆላው ይወርዳሉ። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ በሂላ፣ ማለትም ተደጋግፎ በሚቆም የነዶ ክምር፣ ይቆማል፤ ሲደርቅ ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል።

የሰብል ጥድፊያ በሠራተኛ ጉልበት ላይ ሲያርፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን በባርባዶስና በጃማይካ እርሻዎች የሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይበላሽ ነበር። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ጭምር መጭመቂያው ላይ ይሠሩ ነበር። የቆላው አጫጅ ለገንዘብ የሚሠራ ነጻ ሰው ነው፤ የሰብሉ ጥድፊያ ግን በእርሱም ጉልበት ላይ ያርፋል።

አጫጁ የሚከፍለው ዋጋ ጉልበት ብቻ አይደለም። ማታ ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር የሚተኛውን አጫጅ፣ በዋልካ መሬት ስንጥቅ የምትጠለለው የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ካልታከሙት የሚገድለው ካላዛር የሚተላለፈው በእርሷ ነው፤ ቀድሞ በሽታው ያልነካቸው የደጋ ሰዎችም ይበልጥ ይጠቃሉ።

የአካባቢው ሰሊጥ ዛሬም በአብዛኛው የሚታጨደው በእጅ ነው።