የአሶሳ ታሪክ በባዕድ ቤተ መዛግብት

የአሶሳንና የአካባቢውን ታሪክ በጽሑፍ ለማግኘት የሚሻ ሰው መንገዱን ወደ አሶሳ ብቻ ቢያቀና እጅግም አይቀናው። ሽማግሎች ያወጉታል፤ ያወጉትም ቃል ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ወረቀቱ ግን በአመዛኙ ያለው ሌላ ስፍራ ነው። ከፊሉ በካርቱም፣ ከፊሉ በለንደን፣ ከፊሉም በሰሜን እንግሊዝ በሚገኘው በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተከማችቷል። የአንድን አገር ታሪክ ለማንበብ የሌላውን አገር ደጅ መጥናት የሚያስገርም ቢመስልም፣ በዚህ ምድር ረገድ ነገሩ የሆነው እንደዚሁ ነው። ስለሆነም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለጥቂት ወራት በባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ የታሪክ ተማሪ የሄደው የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ሊማር ሳይሆን የራሱን ሊፈልግ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ምክንያቱ ወርቅ ነው። የግብጹ ገዢ መሐመድ ዓሊ ልጁን እስማኤልን እ.ኤ.አ. በ1820 ወደ ስናር ያዘመተው ባሪያና ወርቅ ፍለጋ ሲሆን፣ ጦሩ ስናርን ከያዘ በኋላ በ1822 መጀመሪያ ፋዙግሊን አልፎ ወደ በርታ ተራሮች ደርሷል። ከጦሩ ጋር ፍሬደሪክ ካዮ የተባለ የናንት ከተማ ተወላጅ ፈረንሳዊ ነበረ። ካዮ ያየውን በፈረንሳይኛ ጽፎ አሳተመ። የተመኙት ወርቅ እንደ ተስፋቸው ሆኖ ባይገኝም መሐመድ ዓሊ ምኞቱን አልተወም፤ ከ1838 እስከ 1839 ባለው ክረምት በስተርጅና ዘመኑ ራሱ እስከ ፋዙግሊ ድረስ ተጓዘ። ከእርሱ ቀደም ብሎ ሩሴገር የሚባል ኦስትሪያዊ የማዕድን ዐዋቂ መሬቱን መርምሮ በጀርመንኛ ጻፈ። ከዚያም ወዲህ ኹዋን ማሪያ ስኩፈር የተባለ የሆላንድ መንገደኛ ከ1881 እስከ 1883 በዚያው ወሰን ሲዘዋወር ቆይቶ በደቡብ ሱዳን ተገደለ፤ ማስታወሻው ተሟልቶ በእንግሊዝኛ የታተመው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እንግዲህ አንድ ወረዳ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሳለ፣ የወረዳው ሰው የእነዚህን ጽሑፎች አንዱንም ሳያይ ትውልድ አልፏል።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ። በዚያ ጊዜ አገሩ በሼሆች የሚተዳደር ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል የአቆልዲው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን፣ የቤላ ሻንጉልና የኮሞሻ ሼሆችም ይገኙ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት የወሰን ውል ቤኒሻንጉልን በኢትዮጵያ በኩል አስቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወሰኑ ራሱ የወረቀት ፋብሪካ ሆነ ማለት ይቻላል። ከማዶ የተቀመጠው የሱዳን ሹም ማን ወርቅ እንዳስገባ፣ ማን ጠመንጃ እንዳሻገረ፣ የትኛው ሼህ ከየትኛው እንደ ተጣላ፣ ስንት ሰው በሌሊት ወሰን እንዳለፈ እየጻፈ ወደ ካርቱም ይልክ ነበር። ካርቱም ደግሞ ለካይሮና ለለንደን ታስተላልፋለች። ሹሙ የጻፈው ለታሪክ ብሎ አይደለም፤ አለቃው ስለ ጠየቀው ነው። ይሁንና ጽሑፉ ቀረ።

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፍቶ በ1961 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ቢያድግም፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም በ1963 ቢመሠረት፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ እስከ ተቋቋመበት እስከ 1978 ድረስ በታሪክ ጥናት ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ መሄድ የፈለገ ወጣት ከአገር መውጣት ነበረበት። ታደሰ ታምራትና መርዕድ ወልደ አረጋይ የወጡት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ሁለቱም የዶክተርነት ጥናታቸውን ያቀረቡት በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ከአዲስ አበባ የተመረቁት ባሕሩ ዘውዴም ወደዚያው ሄዱ። ቀዳሚዎቹ የመካከለኛውን ዘመን ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት ሲመረምሩ፣ ባሕሩ የመረጡት ርእስ ግን በምዕራቡ ወሰን የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ከ1898 እስከ 1935 ምን እንደሚመስል ነው። ጥናቱ በ1976 ተፈጸመ። ከአዲስ አበባ ሲታይ አሶሳና ጋምቤላ ዳር አገር ናቸው። የዳር አገርን የታሪክ ጥናት መካከል አድርጎ ማቅረብ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የሚያስበው አልነበረም።

ጊዜውም ምቹ ነበር። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ወረቀት ለሕዝብ የሚከፈተው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ነበር፤ በ1967 የወጣው ሕግ ግን ይህን ወደ ሠላሳ ዓመት ዝቅ አደረገው። ይህ የሕግ ለውጥ ለእንግሊዛውያን ብቻ የተደረገ ይመስላል፤ ለአሶሳ ታሪክ የነበረው ፋይዳ ግን እጅግ ትልቅ ነው። በቀድሞው ሕግ ቢሆን ኖሮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን የደረሰ ተማሪ የሚያነበው ወረቀት ከ1920ዎቹ መግቢያ ላይ ይቋረጥበት ነበር። በአዲሱ ሕግ ምክንያት እስከ ጣልያን ወረራ ዋዜማ ያለው ሁሉ ተከፈተ።

የቤተ መዛግብት ኑሮ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ድረስ የለንደኑ የመዛግብት ቤት ቻንሰሪ ሌን በሚባል ጎዳና ላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከፊሉ ኪው ወደሚባለው ዳርቻ ተዛወረ። አንባቢው የመዝገቡን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ መዝገቡ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሲመጣም የሚገለብጠው በእርሳስ ነው፤ ብዕር አይፈቀድም። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ከ1906 ወዲህ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ 371ኛ ተከታታይ መዝገብ ውስጥ ከሌላው ዓለም ጉዳይ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ደርሃም ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የሱዳን መዛግብት ክምችት በዚያ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957፣ ማለትም ሱዳን ነፃ በወጣች በማግሥቱ ዓመት ሲሆን፣ በሱዳን ያገለገሉ እንግሊዛውያን ሹማምንት የግል ደብዳቤያቸውን፣ ማስታወሻቸውንና ፎቶግራፋቸውን ያስቀመጡበት ነው። ከእነርሱ መካከል ሬጂናልድ ዊንጌት ይገኛል። ዊንጌት በ1897 ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች አንዱ ነበር፤ ኋላም ለ17 ዓመት ያህል የሱዳን ጠቅላይ ገዢ ሆነ። የመንግሥት ደብዳቤ የሚሸሽገውን የግል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይናገረዋልና፣ ለተመራማሪ የደርሃም ጥቂት ሳምንታት ከለንደን ወራት የማይተናነሱ ናቸው።

ከአገር ቤት የሄደው ተማሪ ከባዕዱ አንባቢ የሚልቀው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሹም የሼህ ሆጀሌን ስም አንድ ጊዜ ሾጋሊ፣ አንድ ጊዜ ኮጀሊ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ አድርጎ ይጽፈዋል። ስሙን ከልጅነቱ የሰማ፣ በአዲስ አበባም በስማቸው የሚጠራውን ሰፈር የሚያውቅ ተማሪ ግን እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማወቅ ቀን አይፈጅበትም።

ወረቀቱ ብዙ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ጸሐፊው ሊያይ የፈለገውን ነው። ለዚህ ዋና ማስረጃ የሚሆነው የባሪያ ንግድ ጉዳይ ነው። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን መሬት ይኖሩ የነበሩት የሼህ ሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና በባሪያ ንግድ ተከሰው እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዞች ተይዘዋል። ስለዚህ ነገር የተጻፈው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ወዲህ የባርነት ጉዳይ በጄኔቭ የሚነሣ ክርክር ሆኖ ነበር፤ ደግሞም ገዢዎቹ በሱዳን ምድር ባርነትን አጥፍተናል ብለው የሚናገሩት ቃል ሐሰት እንዳይሆንባቸው ይሠጉ ነበር። ሰዎቹ ሲቈጠሩ ይታያሉ። ሲናገሩ ግን አይሰሙም። የየትኛው መንደር ልጆች እንደ ነበሩ፣ እናታቸው ማን ትባል እንደ ነበር፣ ሲወሰዱ ወቅቱ ዘር ይሁን አጨዳ የሚጠይቅ ቃል በሪፖርቱ ውስጥ እምብዛም የለም። ወርቁም እንደዚሁ ነው። ለአዲስ አበባ የገባው የወርቅ ግብር ይጻፋል፤ በወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ አሸዋ ያጠበው የበርታ ገበሬ ግን በወረቀቱ ላይ ጥላው እንኳ አያርፍም።

በዚያው በ1970ዎቹ ሌላ ተማሪ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዘ። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የተባሉት ጣልያናዊ፣ በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ተማሪ ሆነው፣ ለመስክ ጥናት ወደ ወለጋ መጡ፤ አሶሳ በዚያን ጊዜ የወለጋ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበረች። ካዮና ስኩፈር የጻፉትን አንብበው ሽማግሌ ጠየቁ። ጥናታቸው በ1980 ቀርቦ በማግሥቱ በኔፕልስ ታተመ፤ ርእሱም ጨው፣ ወርቅና ሕጋዊ ሥልጣን በቤላ ሻንጉል ምድር የሚል ነው። በእርሱ ውስጥ ጨው ከደገኛው ገበያ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ወርቅ በአጸፋው ሲወጣ፣ ከሱዳን የመጡት ነጋዴዎች ከበርታ ጋር ተጋብተው ወታዊት የተባለውን የገዢ መደብ ሲፈጥሩ ይታያል። ወታዊት በዐረብኛ የሌሊት ወፍ ማለት ነው፤ ወፍም አይጥም ያልሆነ። ይህን ስም ማን ለማን እንዳወጣው መገመት አያስቸግርም።

ከቃል የተገኘው አንድ ትንሽ ነገር በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። በወረቀቱ ሁሉ አገሩ ቤኒ ሻንጉል ይባላል፤ ቤኒ በዐረብኛ ልጆች ማለት ነውና ሻንጉል የሚባል አባት የነበረ ያስመስላል። በበርታ ቋንቋ ግን ስሙ ቤላ ሻንጉል ነው፤ የሻንጉል ድንጋይ ማለት ነው። የዐረብኛ ተናጋሪው ጆሮ ድንጋዩን ሰው አደረገው፤ ከእርሱ የሰማው አውሮፓዊም እንደዚያው ጻፈው፤ ዛሬም የክልሉ ስም ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ በለንደን ዐሥር ዓመት መቀመጥ አይረዳም።

ልብ ላለ ሰው ሁለቱ ጥናቶች የሚገናኙበት ዓመት አለ። የትሪዩልዚ የሚያበቃው በ1898 ነው፤ የባሕሩ የሚጀምረው በዚያው በ1898 ነው። አንዱ ከባሕር ማዶ ወደ አሶሳ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ማዶ ተጉዘው፣ ድምር ሥራቸው ከስናር መውደቅ በፊት እስከ ጣልያን ወረራ ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ይሁንና መገናኛው ላይ ስፌቱ ይታያል። ከዚያ ዓመት በፊት ያለው ታሪክ የሽማግሌ ድምፅ ይበዛበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የመንግሥታት ነገር ነው፤ ደብዳቤ፣ ወሰን፣ ግብር፣ ክስ። በ1898 የተወለደ የበርታ ሕፃን እነዚህ ጥናቶች ሲሠሩ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት ነበር። ከወረቀቱ ጎን የሚቆመውን ቃል ሊሰጥ የሚችለው እርሱ ነበረ፤ ጊዜውም አላፊ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ተማሪው አሁን ሽማግሌው ባለበት አገር ተቀምጦ ማጥናት ይችላል፤ አዛውንቱ ግን አልጠበቁትም፤ የነገሩትን የሰሙ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው ያሉት። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ለአሶሳ ከሁሉም የሚቀርበው፣ በመኪና መንገድ የሚደረስበትና የለንደንን ያህል ገንዘብ የማይጠይቀው ቤተ መዛግብት ያለው በዚያች ከተማ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር የተመራማሪው መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሠርት ዓመታት ካርቱም ደርሰው የተመለሱ ተማሪዎች በእርሳስ የገለበጡት ደብተር በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የመዝገቡ ቁጥር በየገጹ ራስ ላይ ተጽፎበታል።