እባብ በብርድ፦ ከደብረ ዳሞ እስከ ለንደን

ለትግራይ ሰው ዘንዶ እንግዳ አይደለም። በትውፊት አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሏል። የአምባውን ብርድ እንዴት ቻለው ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም!

ጥያቄው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እባብ እንደኛ ከሚበላው ሙቀት አይሠራም፤ ፀሐይ ወይም የሞቀ ድንጋይ ይሻል። ሲበርደው የዋጠው አይፈጭለትም።

ለንደኖች የዓለምን የመጀመሪያ የእባብና የእንሽላሊት ቤት በእንስሳት ማቆያቸው የከፈቱት በ1849 እ.ኤ.አ. ነው። ብልሃቱን ያመጣችው ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ የቤቱ ኃላፊ የሆነችው ጆአን ፕሮክተር ናት (ሴት፣ ያውም በዚያ ዘመን)፤ በ1927 በተከፈተው አዲስ ቤት እንደየእንስሳው ጠባይ የተለያየ ሙቀት በኤሌክትሪክ ሰጠች።

መቀሌ ላይስ? ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጥር ሌሊቷን ታውቁታላችሁ። በጦርነቱ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ተቆርጣ የተመለሰችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ጨለማ እባብ በሣጥን ያኖረ ሰው ቢኖር አምፑሉ ምን ያደርግለታል? ጋቢ ቢያለብሰውም ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም። የሚቀረው የሞቀ ውኃ በትንሽ ጀሪካን ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሣጥኑ አንድ ጥግ ማስጠጋት ነው፤ ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ብሎ እባቡ ራሱ እንዲመርጥ። ውኃውን ለማሞቅ ግን ከሰል ያስፈልጋል፤ ለከሰሉ ደግሞ ድስቱ ይቀድማል።