ስትሮንቲየም ቲታኔት በዝቅተኛ ሙቀት

ስትሮንቲየም ቲታኔት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የስትሮንቲየም፣ የቲታኒየምና የኦክስጅን ክሪስታል ነው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ በክፍል ሙቀት 300 ገደማ ሲሆን 4 ኬልቪን አካባቢ ሲደርስ ከ20,000 በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚያሻቅብ ቁስ አዎንታዊና አሉታዊ አዮኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ፈቀቅ ብለው ፌሮኤሌክትሪክ መሆን ነበረበት፤ የቅርብ ዘመዱ ባሪየም ቲታኔት ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ይህንኑ ያደርጋል። ስትሮንቲየም ቲታኔት ግን ጫፉ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ቢቀዘቅዝም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ተመራማሪዎቹ ሙለርና ቡርካርድ በ1979 እ.ኤ.አ. የሰጡት ማብራሪያ እስካሁን አሳማኙ ነው፦ አተሞች ወደ ፍጹም ዜሮ ቢጠጉም የኳንተም ንዝረታቸው ስለማይጠፋ፣ የአዮኖቹ ፈቀቅታ ሊጸና ሲል ንዝረቱ ያፈርሰዋል።

በ105 ኬልቪን የክሪስታሉ ቅርጽ ከኪዩብነት ወደ ቴትራጎናልነት ስለሚለወጥ ጥፋቱን ለዚህ ለውጥ መስጠት ይቻል ይሆናል። ለውጡ ፌሮኤሌክትሪክነትን መጫኑ አይካድም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1999 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች አብዛኛውን ኦክስጅን 16 በኦክስጅን 18 ሲተኩት ክሪስታሉ 23 ኬልቪን ገደማ ላይ ፌሮኤሌክትሪክ ሆነ። ሁለቱ አይሶቶፖች በኬሚካላዊ ጠባያቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ዋናው ልዩነታቸው ክብደት ነው፤ የከበደ አተም ደግሞ የኳንተም ንዝረቱ ያንሳል።