የእጅ ሥራ ቤታችን ወለልና መብራት፤ ከጥንት እስከ ዛሬ

ስለ ሰፈራችን አመሠራረት፣ ስለ ድንኳናችንና ስለ ብረት ድስታችን ሳይቀር በዚህ መጽሔት ብዙ ተጽፏል። በየጓሯችንና በየበረንዳችን ያለው የእጅ ሥራ ክፍል ምን ዓይነት ወለል፣ ምን ዓይነት መብራት ኖሮት እንደመጣ ግን እስካሁን አልተጻፈም። እኛም ከምናውቀውና ከሽማግሌዎች ከሰማነው ጥቂቱን ልናወሳ አሰብን።

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ግን አይደለም። ከመካከላችን ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ እንጨት ሠሪው፣ በያጁ ብዙ ነው። ልጆቻችንም ቢሆኑ አንዱ ጓዳውን፣ ሌላው መኪና ማቆሚያውን ወደ ሥራ ቤት እየለወጡ ናቸው። እድራችን ደግሞ የተቋቋመው ለሞት ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ እንቀብራለን፣ ለቤተሰቡ እናዋጣለን። ለደከመ ዓይንና ለተቆረጠ ጣት ግን መዋጮ የለንም። ይህን ማስቀረት የሚቻለው አስቀድሞ ነው።

የእበትና የአፈር ዘመን

በጣና ዙሪያ ጥንት የእጅ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ደጅ ነበር። የወይጦ ወገኖቻችን ደንገል አጭደውና አድርቀው ታንኳ የሚያስሩት ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ነው፤ ወለሉ ሣር፣ መብራቱ ፀሐይ ነው። ቁም ጸሐፊውም ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሚጽፈው የቀን ብርሃን ባለበት፣ በር አጠገብ ወይም ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ዛሬ በደሴቶቹ ገዳማት የምናያቸው የብራና መጻሕፍት ይህን በመሰለ ብርሃን የተጻፉ ናቸው።

ሸማኔው ግን ቤት ያስፈልገዋል። ወለሉን ቆፍሮ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ያስገባና መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየላከ ይሠራል። ስለዚህ ለሸማኔ ወለሉ ራሱ የዕቃው አካል ነው ማለት ይቻላል። የአፈር ወለል ለዚህ ሥራ መልካም ነበር። እርጥበት ስለሚይዝ የጥጥ ክር አይደርቅም፤ ያልደረቀ ክር ደግሞ ቶሎ ቶሎ አይበጠስም። ጉድጓዱን ለማዛወርም ዶማ ብቻ ይበቃል።

እናቶቻችንም ይህን የአፈር ወለል ይንከባከቡት ነበር። እበቱን ከአፈርና ከውሃ ጋር አሽተው በየጊዜው ይለቀልቁታል። በእበቱ ውስጥ ያለው የሣር ጭረት አፈሩን እንደ ገመድ ያያይዘዋል፤ ስንጥቁን ይደፍናል፣ አቧራውን ያስቀራል። አቧራ ሲቀንስ ቁንጫና ሙጃሌም መራቢያ ያጣሉ። ዛሬ ወለል ይቀባል ስንል አዲስ ነገር ይመስለናል እንጂ እናቶቻችን በእጃቸው ሲቀቡት የኖሩት ነው።

ታዲያ ጉድለትም አልጠፋበትም። ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይነፋል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በኛ አገር ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ሐይቁም ቅርብ ነው። የልብስ ስፌት መኪና በእንዲህ ያለ ወለል ላይ ሲቀመጥ አንዱ እግሩ ይሰምጣል፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ስፌቱም ይጣመማል።

ሌላም ነገር አለ። የእጅ ሠራተኛ በአገራችን ብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል እንደነበር ስላዩ ነው። የተናቀ ሰው የሚሠራበት ክፍልም የተናቀ ነበር፤ ለእንግዳ መቀበያው ምንጣፍ ሲነጠፍ ለሥራው ቤት የሚተርፈው ጨለማና አቧራ ነበር።

ሲሚንቶና ሊሾ

«ሊሾ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ለስላሳ» ማለት ነው። ቃሉም ሙያውም የጣሊያን ትዝታ ነው። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በወረራው ዘመን ነበር። በባሕር ዳር ደግሞ ሰፊ የሲሚንቶ ወለል ብዙ ሠራተኛ ያየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ግድም ሲቋቋም ነው፤ ለፋብሪካውም ገንዘቡ የተገኘው ከጣሊያን የጦር ካሣ ነው። ከዚያ በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፈተ። በዚያ የብረትና የእንጨት ሥራ የተማረ ወጣት ቤቱ ሲመለስ የአባቱ የአፈር ወለል አልዋጥለት ቢል አይፈረድበትም። የሙገር ሲሚንቶ በ1976 ዓ.ም. ግድም ማምረት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሲሚንቶ በየክፍለ ሀገሩ ተራ ሰው ቤት እየገባ መጣ።

የሊሾ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ አፈሩ ይደለደላል፤ ድንጋይ ይረበረባል፤ በላዩ ጠጠር፣ አሸዋና ሲሚንቶ ተቦክቶ ይሞላል። ላዩ ገና ሳይደርቅ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጠው ያፈሱበታል፣ በብረትም እስኪያብረቀርቅ ያሹታል። ከዚያ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል። ይህችን የ7 ቀን ውሃ የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ውሃ ጠጥቶ እንጂ ደርቆ አይደለም። ያለጊዜው የደረቀ ወለል ላዩ እንደ ዱቄት ይነሳና ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን ሲጠርገው ይኖራል።

ሊሾም ቢሆን የራሱ ነውር አለው። እግርን ያቀዘቅዛል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ጉልበትና ወገብ ያሳምማል፤ ውሃ ወይም ዘይት ሲፈስበት ያንሸራትታል። ከሥሩ ፕላስቲክ ካልተነጠፈ ደግሞ ክረምት እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በላዩ ቀለም ልቀባ የሚለው። ነገር ግን አዲስ ሲሚንቶ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ገንዘብ መበተን ነው፤ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ መሰል ኃይል ዘይቱን በልቶ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፣ ቀለሙም ይላጣል። አሁን በገበያ ያለው ኢፖክሲ የሚባለው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚቀባው ሽፋን ብርቱ ነው፤ ዘይትም ነዳጅም አይበላውም። ግን እርጥብ ወለል ላይ አይይዝም።

ታዲያ ወለሉ መድረቁ በምን ይታወቃል? ቀላል ነው። ክንድ በክንድ የሚሆን ፕላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፎ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግና ማሳደር ነው። ጠዋት ሲገለጥ ከሥሩ ጠል ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ገና አልደረቀም። አዲስ ወለል ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል፤ በክረምት ከዚያም ይበልጣል። በባሕር ዳር ወለል ለመቀባት በጋውን መጠበቅ ነው የሚሻለው።

ከኩራዝ እስከ ጢስ ዓባይ

ወደ መብራቱ ስንመጣ ደግሞ፣ ድሮ ማታ የሚሠራ ሰው ያለው ጧፍ ወይም ኩራዝ ነበር። የደላው ፋኖስ፣ በጣም የደላው ማሾ ያበራል። የብርሃን መለኪያ ሉክስ ይባላል፤ አንድ ሻማ አንድ ሜትር ርቆ የሚሰጠው 1 ሉክስ ያህል ነው። ለተራ የእንጨት ሥራ 300፣ ለስፌትና ለረቂቅ ሥራ 500 ወይም 750 ሉክስ ያስፈልጋል ይባላል። እንግዲህ በኩራዝ ጥለት ይሠራ የነበረው ሸማኔ ዓይኑ ምን እንደከፈለ አስቡት። ጭሱም ሳንባውን ሲጎዳ፣ ጥላሸቱም ግድግዳውን ሲያጠቁር ኖሯል፤ የጠቆረ ግድግዳ ደግሞ ያችኑ ትንሽ ብርሃን መልሶ ይውጣታል።

ለውጡ የመጣው በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ነው። ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ይመስላል፣ ያን ጊዜ ግን ፋብሪካውንም ከተማውንም ያበራ ነበር። ከዚያ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ጣቢያ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከጣና ውሃ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ተከተለ። ለብርሃኑም ዋጋ ከፍለናል፤ ፏፏቴው እንደ ድሮው ዓመቱን ሙሉ ሲያገሣ አይሰማም።

አምፖሉም ቢሆን ሦስት ትውልድ አይቷል። የመጀመሪያው ባለ ሽቦው ነው፤ ከብርሃኑ ሙቀቱ ይበልጣል። ቀጥሎ ረዥሙ ነጭ ፍሎረሰንት መጣ። ይህ ብዙ ብርሃን በጥቂት ኃይል ይሰጣል፤ ግን የድሮው ዓይነት በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፤ የሚሽከረከር መጋዝ ግን ከዚህ ብልጭታ ጋር ሲገጥም የቆመ ይመስላል። የቆመ መስሎት እጁን የሚሰድ ሰው ጣቱን ያጣል። ይህን እያንዳንዱ እንጨት ሠሪ ልጁን ሊያስተምረው ይገባል። ሦስተኛው የዛሬው ኤልኢዲ ነው፤ የ60 ዋቱን የሽቦ አምፖል ብርሃን በ8 ወይም በ10 ዋት ይሰጣል። ርካሹ ኤልኢዲም ብልጭ የሚል አለና በስልክ ካሜራ አይቶ መግዛት ነው፤ በካሜራው ውስጥ ጥቁር መስመር ሲሮጥ ከታየ ለማሽን አጠገብ አይሆንም።

ዛሬ ሥራ ቤት ለሚያዘጋጅ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ወለልና መብራት የሚመረጠው ለውበት ሳይሆን ለሥራው ነው።

ሸማኔ የሆነ ሰው ሲሚንቶ አማረኝ ብሎ ጉድጓዱን አይድፈን። የጉድጓዱን ዙሪያ የአፈር አድርጎ መተላለፊያውን ሊሾ ማድረግ ይችላል። ልብስ ሰፊ ሊሾው ይበቃዋል፤ ከእግሩ ሥር ግን ሰሌን ወይም ጣውላ ያድርግ። እንጨት ሠሪም እንዲሁ በሚቆምበት ቦታ ጣውላ ቢረበርብ ጉልበቱም ያርፋል፣ የወደቀ መሮም አይሰበርም። በያጅ ፕላስቲክ ንጣፍና ቀለም ይተው፤ ፍንጣሪው ያቃጥለዋል፤ ለሱ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሞተር የሚጠግን ሰው ኢፖክሲ ቢቀባ ገንዘቡ አይባክንም፤ ሲቀባ ግን ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ይበትንበት፣ እንዳያንሸራትተው።

ስለ መብራትም፣ ከሁሉ የሚረክሰው ኖራ ነው። ግድግዳና ጣሪያ በነጭ ኖራ ሲቀባ ያለው አምፖል ሌላ አምፖል የተጨመረለት ያህል ያበራል። ቀጥሎ መስኮት ነው፤ ካልተቻለ ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ አንስቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መተካት ይቻላል። አምፖል አንድ ትልቅ ከመስቀል ሁለት ትናንሽ ከሁለት ወገን ማድረግ ይሻላል፤ አንዱ የጣለውን ጥላ ሌላው ያነሣዋል። በቀኙ ለሚሠራ የቅርቡ መብራት በግራው ይሁን።

ለእኛ ለሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ቃል። በ60 ዓመት ዓይን የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚገባው ሲሶ ያህል ነው ይላሉ ዐዋቂዎች። ስለዚህ «ድሮ በኩራዝ እሠራ ነበር» እያሉ በልጅ መብራት መሥራት ጀግንነት አይደለም። መርፌ ማስገባት ያቃታችሁ እናቶችም መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት አምፖሉን ጨምሩና እዩት።

የእጅ ሥራ ቤት በጓዳ የሚደበቅበት ዘመን አልፏል። ቤተሰብ የሚያበላ ክፍል ከሳሎኑ ያላነሰ ወለልና ብርሃን ይገባዋል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስንገናኝ በዚህ ሙያ ያላችሁ አባሎች የምታውቁትን ጨምራችሁ ብትነግሩን ሁላችንም እንጠቀማለን። እጃችሁንና ዓይናችሁን ይጠብቅልን፤ የከርሞ ሰው ይበለን።