አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የፔይ ፐር ቪው ቁልፍ ታሪክ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ አንድ የማይታይ ቁልፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊልም ከፍሎ የሚያይ ሰው ለዓመታት ሲነጫነጭበት ስለኖረ ቁልፍ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

"ፔይ ፐር ቪው" ማለት ከወርሃዊው የኬብል ወይም የዲሽ ክፍያ ሌላ፣ ለአንድ ፊልም ወይም ለአንድ የቦክስ ግጥሚያ ለብቻው ተከፍሎ የሚታይ ነው። ታዲያ ሰውየው ከከፈለ በኋላ፣ "አሁን ደክሞኛል፣ ቀድቼ ነገ ልየው" ማለት ይችላል ወይ? ጠቡ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዴክ ነው። ሶኒ ቤታማክስን በ1975 ገበያ ላይ ሲያወጣ ዩኒቨርሳልና ዲስኒ በዓመቱ ከሰሱት። ክርክሩ ከሰባት ዓመት በላይ ፈጀ። በጥር 1984 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች 5 ለ 4 ተከፍለው ለሶኒ ፈረዱ። ሰው በነጻ የሚተላለፍ ፕሮግራም በኋላ ለማየት ብሎ ቤቱ ቢቀዳ ጥፋት የለበትም አሉ። ልብ በሉ፣ "በነጻ የሚተላለፍ" ነው። የክፍያ ቴሌቪዥን በክርክሩ ውስጥ አልነበረም። ቁልፉ በኋላ የገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ስቱዲዮዎቹ በፍርድ ቤት ያጡትን በኤሌክትሮኒክስ መፈለግ ጀመሩ። ማክሮቪዥን የሚባል ኩባንያ በ1983 ተቋቋመ፤ ዘዴው በ1985 "ዘ ኮተን ክለብ" በተባለው ፊልም ካሴት ላይ ሥራ ጀመረ። ዘዴው ቀላል ነው። በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ዓይን የማያያቸው ባዶ መስመሮች አሉ። እዚያ ላይ ኃይለኛ ምልክት ይጨመራል። ቴሌቪዥኑ ግድ አይሰጠውም። ዴኩ ግን የምስሉን ብርሃን በራሱ የሚያስተካክልበት ክፍል ስላለው ይወናበዳል፤ የሚቀዳው ምስል አንዴ ይጨልማል፣ አንዴ ቦግ ይላል። ይኸው ምልክት በኋላ በዲሽና በኬብል ሪሲቨሮች ውስጥ ገባ። ደንበኛው ፔይ ፐር ቪው ሲያዝ ቁልፉም አብሮ ይመጣለታል።

በጣም የሚያናድደው ግን ምንም ያልቀዳውን ሰው መንካቱ ነው። አሮጌ ቴሌቪዥን የነበረው ሰው ከጀርባው የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ስላለው፣ የዲቪዲ ማጫወቻውን በዴክ በኩል አሳልፎ ያገናኛል። ሳይቀዳ፣ ሊያይ ብቻ። ምስሉ ግን ይጨልማል፣ ይበራል። ማሽኑ ብልሽት የለበትም። ቁልፉ ነው።

በ1998 ቁልፉ ሕግ ሆነ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ፣ ከ2000 ጀምሮ የሚሸጥ የቪኤችኤስ ዴክ ሁሉ ለዚህ ምልክት እንዲታዘዝ አስገደደ። እውነቱን ለመናገር፣ ለተመልካቹም የተረፈለት ነገር ነበር፤ በነጻ በሚተላለፍ ስርጭት ላይ ቁልፉን መጠቀም ተከለከለ። ፔይ ፐር ቪው ግን ተፈቀደ። በ2003 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ለዲጂታል ኬብል ያወጣው ደንብም በዚሁ መንገድ ሄደ፦ ነጻ ስርጭት ገደብ የለበትም፤ ወርሃዊ የሚከፈልበት ቻናል አንድ ጊዜ ይቀዳል፤ ፔይ ፐር ቪው ከቶ አይቀዳም ሊባል ይችላል። ልጅ ሲያለቅስበት ፊልሙን ቆም ለማድረግ ለደንበኛው የተረጋገጠለት 90 ደቂቃ ብቻ ነው።

እስቲ ደረጃዎቹን መልሳችሁ እዩአቸው። ምንም ያልከፈለው ነጻ ነው። በጣም የከፈለው በጣም ይታሰራል!

ከዚያ በኋላ ቁልፉ አልፎ አልፎ በስህተትም መዝጋት ጀመረ። በ2005 አንዳንድ የቲቮ መቅጃ ባለቤቶች ነጻ በሆነው "ዘ ሲምፕሰንስ" ላይ የእገዳ ምልክት አዩ። ኩባንያው ምክንያቱ የሲግናል መረበሽ ነው አለ። በ2008 ዳይሬክቲቪ የተቀዳ የፔይ ፐር ቪው ፊልም ከ24 ሰዓት በኋላ እንዳይታይ አደረገ። በግንቦት 2010 ደግሞ ኤፍሲሲ፣ ዲስካቸው ገና ያልወጣ አዳዲስ ፊልሞች በቤት ሲታዩ የአናሎግ መውጫዎች ከሩቅ እንዲዘጉ ፈቀደ። ኤችዲኤምአይ ከመለመዱ በፊት ውድ ኤችዲ ቴሌቪዥን የገዙ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ስክሪን ለእነዚያ ፊልሞች ጥቁር ሆኖ ሊቀር ነው ማለት ነው። ከአራት ወር ጥቂት በኋላ ምን ሆነ? የዲጂታሉ መቆለፊያ፣ የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። ባለቤቱ ኢንቴል ራሱ "አዎ፣ እውነተኛው ነው" ብሎ አረጋገጠ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ኮፒ አድርጎ የሚቸበችበው ሰው መንገድ አያጣም። የሚያዘው ማሽኑን ከሱቅ ገዝቶ ሕጋዊ መስመር ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ነው።

ስቱዲዮዎቹ ግን ከመሬት ተነስተው አልጮኹም። ዴክ ለዴክ አገናኝቶ መቅዳት እኛም ሰፈር የታወቀ ነው፤ አንድ ካሴት ስንት ቤት እንደሚዞር ያየ ያውቀዋል። ሆኖም ቁልፉ የሚጠብቀው ከሌባ ብቻ አልነበረም። አንድ ፊልም መጀመሪያ በሲኒማ፣ ከዚያ በፔይ ፐር ቪው፣ በካሴትና በዲስክ፣ ከዚያ በወርሃዊ ቻናል፣ በመጨረሻ በነጻ ይሸጥ ነበር። ከፍሎ የቀዳ ሰው የሚቀጥለውን ዙር አይገዛም። ስለዚህ ለስቱዲዮው ስጋት የሆነው ታማኙ ደንበኛ ራሱ ነው። የደንበኛው ብስጭት የአሠራሩ ጉድለት አልነበረም፤ ዋጋው ውስጥ የታሰበ ነው።

የኤፍሲሲን የ2003 ደንብ በ2013 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሻረው። በዚያ ጊዜ ግን ዴኩም ከቤት እየወጣ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ፊልም "ስትከራዩ" ከጀመራችሁ በኋላ ብዙውን ጊዜ 48 ሰዓት ይሰጣችኋል፣ ያልቃል። የሚነጫነጭም ብዙ የለም፤ መቅዳት የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ ትውልድ መጥቷልና። አንድ መብት የሚጠፋው ሁልጊዜ በአዋጅ አይደለም። መሣሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እናንተስ፣ ከፍላችሁ የገዛችሁት ነገር የእናንተ መሆኑ የሚያበቃው የት ላይ ነው ትላላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ እንወያይበት። ሰላም ሁኑ።